ክር፦ በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ገንዘብ መቼ ያሸንፋል፣ መቼ ይባክናል?

አራተኛ_ሙከራ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፉትቦል ስልም የአሜሪካውን ነው።

የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጃንዋሪ 19፣ 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ፣ 16 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ብሔራዊ ዋንጫውን ከወሰደ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ ወገን «ገንዘብ ነው የገዛው» ይላል፤ ሌላው «አሰልጣኙ ነው» ይላል። ገንዘብ ብቻውን ዋንጫ ቢያመጣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከዓመታት በፊት ባመጣው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስታዲየሙን ካይል ፊልድን ወደ 485 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ አድሶ በ2015 ጨረሰ፤ በ2023 ደግሞ አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ለማሰናበት ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ የውል ማፍረሻ ተሸከመ።

እኔ የማየው ቅደም ተከተሉን ነው። ኢንዲያና በ2023 መጨረሻ አሰልጣኙን ቶም አለንን ሲያሰናብት ውሉ 20.8 ሚሊዮን ያስከፍል ነበር፤ ተደራድረው በ15.5 ሚሊዮን ዘጉት፤ እሱንም ለጋሾች ሸፈኑት። አዲሱን አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲን ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያመጡት በዓመት በአማካይ ከ4 ሚሊዮን ትንሽ በሚበልጥ ውል ነው፤ ኢንዲያና በሚጫወትበት ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ)፣ በቢግ ቴን፣ ይህ ትልቅ ደመወዝ አይደለም። ዋናው ነገር አብረውት የመጡት ናቸው፤ የማጥቃቱና የመከላከሉ አስተባባሪዎች፣ ከዚያም ላይ የእሱን አጨዋወት ጠንቅቀው የሚያውቁ ከአሥር የሚበልጡ ተጫዋቾች። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፎ 2 ሲሸነፍ ደመወዙ ወደ 8 ሚሊዮን ከፍ አለ። በኦክቶበር 2025 ሌላው ዩኒቨርሲቲ ፔን ስቴት አሰልጣኙን ባሰናበተ በቀናት ውስጥ ደግሞ ኢንዲያና ከሲግኔቲ ጋር በዓመት በአማካይ 11.6 ሚሊዮን ገደማ የሆነ አዲስ ውል ተፈረመ። ሌላው ሳይወስደው አስቀድሞ ማሰር ማለት ይህ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ የሄደው ወደ አሰልጣኙ ነው፤ ሕንጻ መጨረሻ።

ስለ ገቢው ምንጭ የምታውቁ ጨምሩበት።

---

ሒሳብ_ሹም

ጥሩ አነሳህ። መጀመሪያ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንለይ፤ ምንጩ ሳይለይ ስለ ወጪው መነጋገር አይቻልም።

ትልቁ ቧንቧ ቴሌቪዥን ነው። እስከ 1984 ድረስ የቴሌቪዥን መብቱን የሚቆጣጠረው የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ማኅበር ኤንሲኤኤ ነበር። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ 7 ለ 2 ሲፈርድ መብቱ ወደ ትምህርት ቤቶቹና ወደ ኮንፈረንሶቹ ሄደ። የዛሬው ልዩነት ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ቢግ ቴን በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የተፈራረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኤስኢሲ የሚባለው ኮንፈረንስ ከ2024 ጀምሮ ከኢኤስፒኤን በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን የሚያመጣ የአሥር ዓመት ውል አለው። የፕሌይኦፉ (የብሔራዊ ዋንጫው የጥሎ ማለፍ ውድድር) አዲስ ውል ከ2026 ጀምሮ ለስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ነው፤ ከዚያ ላይ ኤስኢሲና ቢግ ቴን እያንዳንዳቸው 29 በመቶ ገደማ፣ ኤሲሲ የሚባለው ኮንፈረንስ 17 በመቶ፣ «ቢግ 12» የሚባለው ደግሞ 15 በመቶ ይወስዳሉ።

ቀጥሎ ትኬትና ስጦታ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የ2017ቱ የግብር ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ ወንበር ለማግኘት የሚሰጥ «ስጦታ» 80 በመቶው ከግብር ይቀነስ ነበር፤ ሕጉ ይህን ሙሉ በሙሉ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ያው ለጋሽ ያንኑ ገንዘብ እንዲሰጥ የተሻለ ነገር ማቅረብ ነበረባቸው። የልዩ ክፍሎችና የክለብ ወንበሮች ግንባታ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዋናው ልዩነት በየዓመቱ በሚመለስ ገቢና አንድ ጊዜ በሚመጣ ገቢ መካከል ያለው ነው። የኮንፈረንስ ድርሻና የዓመት ትኬት ይመለሳሉ። የአንድ ባለጸጋ ቼክ ግን ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አንድ ጊዜ በመጣ ገንዘብ ቋሚ ደመወዝ ለመክፈል ቃል የገባ ትምህርት ቤት በሦስተኛው ዓመት ይቸገራል። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በክረምት እንደሚበላው ነው፤ የክረምቱ ጥጋብ በመኸሩ ይታያል።

---

የሲያትሏ

በ«ሕንጻ መጨረሻ» አልስማማም፤ ኦሪገንን ተመልከቱ።

ኦሪገን በጃንዋሪ 1996 ኮተን ቦውል በሚባለው የሲዝን ማብቂያ ጨዋታ በኮሎራዶ 38 ለ 6 ተረታ። ከዚያ በኋላ የናይኪው ፊል ናይት አሰልጣኙን ማይክ ቤሎቲን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀው፤ መልሱ ጣሪያ ያለው የልምምድ ሜዳ ነበር። ሞሾፍስኪ ሴንተር በ1998 ተከፈተ። ከዚያ ኦትዘን ስታዲየም በ2002 ሰፋ፣ በ2013 ሃትፊልድ ዳውሊን የሚባለው የፉትቦል ማዕከል ተጨመረ። መጀመሪያ ሕንጻ፣ ቀጥሎ ተጫዋች። ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 2011 እና በጃንዋሪ 2015 ለፍጻሜ ደረሰ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ዩጂን ላይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይዘንባል። በእርጥብ ኳስ ረጅም ቅብብል መለማመድ አይቻልም፤ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) የሚወረውርበትና ተቀባዩ የሚዞርበት ቅጽበት የሚገጣጠመው በመቶ ጊዜ ድግግሞሽ ነው። ከካሊፎርኒያ ለጉብኝት የመጣ የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ዝናቡን አይቶ ይመለሳል። ያ ጣሪያ ሁለቱንም በአንዴ ፈታ።

---

አራተኛ_ሙከራ

እህቴ፣ ይህን ተቀብያለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ትንሽ ላስተካክለው። ኦሪገን የሠራው ማነቆውን ነው። አሰልጣኙ በቦታው ነበር፣ ቡድኑ ኮተን ቦውል ደርሶ ነበር፤ የጎደለው ጣሪያ ነበር፣ ጣሪያ ሠሩ። የቤሎቲ መልስ «ትልቅ ስታዲየም» አልነበረም።

አላባማም እንደዚያው ነው። በ2007 አሰልጣኙን ኒክ ሴባንን በስምንት ዓመት 32 ሚሊዮን ቀጠሩ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አብደዋል ብሎ ነበር። ብራያንት ዴኒ ስታዲየም ወደ 101,821 ወንበር ያደገው በ2010 ነው፤ ማለትም በ2009 ሲዝን ዋንጫ ካመጡ በኋላ። ወንበሩ የተጨመረው ገዢው ተሰልፎ ሳለ ነው።

ሁለተኛ ነጥብ። ኦሪገን ይህን ሁሉ አውጥቶ ሁለቱንም ፍጻሜ ተሸንፏል፤ ብሔራዊ ዋንጫ እስከ ዛሬ የለውም። ገንዘቡ የገዛለት ወለሉን ነው፤ መጥፎ ዓመት ብርቅ ሆነ። ጣሪያውን፣ ማለትም ዋንጫውን፣ በገንዘብ ብቻ መግዛት አይቻልም።

---

ሒሳብ_ሹም

ስለ ስታዲየም ከተነሳ ሒሳቡን በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው።

200 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትበደር ዓመታዊ ክፍያው 13 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዓመት ሰባት የቤት ጨዋታ ቢኖርህ በየጨዋታው 1.86 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው፤ ይህም ለጥበቃ፣ ለመብራትና ለጽዳት ከማውጣትህ በፊት። አሁን 40 ልዩ ክፍል በ80,000 ብትሸጥ 3.2 ሚሊዮን፤ 2,500 የክለብ ወንበር በ2,500 ብትሸጥ 6.25 ሚሊዮን፤ ድምሩ 9.45 ሚሊዮን። ሁሉም ተሸጦ እንኳ 3.55 ሚሊዮን ገደማ ይጎድልሃል። ቡድኑ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አራት ጨዋታ ብቻ ቢያሸንፍና ሽያጩ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ጉድለቱ 6.4 ሚሊዮን ይደርሳል። ባንኩ ደግሞ በሪከርድህ አይቀንስልህም። ያ 6.4 ሚሊዮን የሚመጣው ከረዳት አሰልጣኞች ደመወዝና ከምልመላ በጀት ነው። ስለዚህ ቡድኑ የበለጠ ይዳከማል፣ ወንበሩም የበለጠ ባዶ ይሆናል።

ይህ በእውን የደረሰበት ካሊፎርኒያ በርክሌይ ነው። ሜሞሪያል ስታዲየም የተቀመጠው ሄይዋርድ በሚባለው የመሬት ስንጥቅ ላይ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከሪያ ግዴታ ነበር፤ ይህን አልወቅስም። ጥፋቱ የመክፈያው ዕቅድ ላይ ነው። ወንበሮችን ለብዙ አሥርት ዓመታት በሚቆይ መብት፣ ከ40,000 ዶላር በሚጀምር ዋጋ ሸጠን ዕዳውን እንከፍላለን ብለው ነበር። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ ቡድኑም ተዳከመ፣ ገዢ ጠፋ። ስታዲየሙ በ2012 ተከፈተ፤ ከ400 ሚሊዮን በላይ የሆነው ዕዳ የተወሰነው ክፍል መክፈያው እስከ 2113 ይዘልቃል። በመጨረሻም ዋናው ዩኒቨርሲቲ ትልቁን ድርሻ ከስፖርት ክፍሉ ላይ ለመውሰድ ተገደደ። ቀድሞ ያልተሸጠ ወንበርን እንደ ገቢ መቁጠር ሁልጊዜ የሚያመጣው ይህንን ነው።

---

ዳላስ_ዙሪያ

አሁን ግን ጨዋታው ተለውጧል። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለተጫዋቹ ይከፍላል። የሃውስ ስምምነት የሚባለውን ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጁን 6 ላይ ካጸደቁት ወዲህ አንድ ትምህርት ቤት በ2025–26 ለስፖርተኞቹ በሙሉ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማከፋፈል ይችላል፤ ጣሪያው በየዓመቱ በ4 በመቶ ገደማ ያድጋል። የድሮው የ85 ስኮላርሺፕ ገደብ ቀርቶ በምትኩ የፉትቦል ቡድኑ ብዛት በ105 ተጫዋች ተወስኗል።

ከዚያ ውጭ ተጫዋቹ ስሙንና ምስሉን ለንግድ የሚሸጥበት ውል አለ። ከ600 ዶላር በላይ የሆነ ማንኛውም ውል ኤንአይኤል ጎ በሚባለው ሥርዓት መመዝገብና መመርመር አለበት። ለማስታወቂያ ይሁን ወይስ ለመጫወት ብቻ የተከፈለ ነው የሚለውን ነው የሚያዩት።

ቴክሳስ ቴክ የተጠቀመው በዚህ ሽግግር ነው። ኮዲ ካምቤል የሚባለው የነዳጅ ነጋዴ፣ ራሱም የቀድሞ የቴክ ተጫዋች፣ ለተጫዋቾች ክፍያ ገንዘብ የሚያሰባስበውን ማታዶር ክለብን ከሌሎች ጋር አቋቋመ። አዲሱ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈለውን ከፈሉ። የ2025 ቡድናቸው ዋጋ ከ25 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ በሰፊው ተዘግቧል። ከሁሉም የሚያስተምረው የት እንዳዋሉት ነው፤ ብዙውን ስም ባለው ኳርተርባክ ላይ አላፈሰሱም፤ ከዝውውር ፖርታሉ (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ከሚመዘገቡበት ዝርዝር) የመከላከያውን የፊት መስመር ሞሉ። ከ8 ድልና 5 ሽንፈት ተነስተው ሲዝኑን በ12 ድልና 2 ሽንፈት ጨረሱ፤ በቢግ 12 ፍጻሜ ቢዋይዩን 34 ለ 7 ረትተው የመጀመሪያ የቢግ 12 ዋንጫቸውን አነሱ። ከዚያ በኦሬንጅ ቦውል ኦሪገን 23 ለ 0 አቆማቸው፤ የፊት መስመሩ ችግር አልነበረበትም፣ ማጥቃቱ ነው የተያዘው።

---

አራተኛ_ሙከራ

የ20.5 ሚሊዮኑን ክፍፍል ላስቀምጠው፤ ብዙ ሰው «ፉትቦሉ 20 ሚሊዮን አለው» ይላል፤ ስህተት ነው።

ትምህርት ቤቱ አዲስ ስኮላርሺፕ ከጨመረ እስከ 2.5 ሚሊዮን ድረስ ከጣሪያው ላይ ይቆጠርበታል። ሙሉውን ከጨመረ በጥሬው የቀረው 18 ሚሊዮን ነው። ብዙዎቹ ከዚህ ለፉትቦል 75 በመቶ ገደማ ይመድባሉ፤ 13.5 ሚሊዮን። አሁን ለኳርተርባኩ 2 ሚሊዮን ስጥ። ለቀሩት 21 ቋሚ ተሰላፊዎች በአማካይ 350,000 ብትከፍል 7.35 ሚሊዮን ነው። የቀረህ 4.15 ሚሊዮን ለ83 ተጫዋች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 50,000።

ችግሩ የሚመጣው እነዚያ 83 ጋ ነው። በኖቬምበር ሁለት የማጥቃቱ የፊት መስመር ተጫዋች ሲጎዳ የሚገባው ከእነሱ ነው። ኳርተርባኩን 3.5 ሚሊዮን ብታደርገው ለእነሱ በነፍስ ወከፍ 32,000 ገደማ ይቀራል፤ ተስፋ ያለው ሁለተኛ ዓመት ተጫዋች በጃንዋሪ ፖርታል ውስጥ ገብቶ ታገኘዋለህ። ሁለት ዓመት አሠልጥነህ ለሌላ ቡድን ሰጠኸው ማለት ነው፤ ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም። ስለዚህ ብልህ የሆኑት ከበጀቱ የተወሰነውን እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አይነኩትም፤ ያለውን ሰው ለማቆየት ያስቀምጡታል።

---

የቨርጂኒያ_ወላጅ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በትምህርት ቤት ክፍያ ወረቀት ላይ ያለው የስፖርት ክፍያ ከዚህ ጋር ይገናኛል? እዚህ አካባቢ ልጆቹን ኮሌጅ የላከ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ያንን መስመር የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው።

---

ሒሳብ_ሹም

አዎ፣ በቀጥታ ይገናኛል፣ ጥያቄውም አስፈላጊ ነው። የትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ትምህርት ቤቶች ከተማሪ የሚወስዱት ትንሽ ነው፤ ታችኛው እርከን ላይ ያሉት ግን ዋናው የገቢ ምንጫቸው የተማሪ ክፍያ የሆነባቸው አሉ። ቨርጂኒያ ለዚህ በ2015 ሕግ አወጣች፤ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪ ክፍያና ከትምህርት ቤቱ በጀት የሚመጣው ድጋፍ ለትልቁ እርከን 20 በመቶ፣ ለቀጣዩ የፉትቦል እርከን 55 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበች።

ታችኞቹ ሌላ መንገድም አላቸው፦ የዋስትና ጨዋታ። ትልቁ ትምህርት ቤት ለአንድ ጉዞ ይከፍላቸዋል። ኖርዘርን ኢሊኖይ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ኖተርዳምን በሜዳው 16 ለ 14 ሲያሸንፍ 1.4 ሚሊዮን ዶላርም ይዞ ነው የተመለሰው። አደጋው በዓመት ሦስት እንደዚህ ያለ ጨዋታ የሚቀበል ቡድን ላይ ነው፤ የተጎዱ ተጫዋቾች ይዞ ወደ ኮንፈረንሱ ጨዋታ ይገባል፣ የቤት ጨዋታው ያንሳል፣ የዓመት ትኬትም አይሸጥም።

ዩኤቢን (በበርሚንግሃም ያለውን የአላባማ ዩኒቨርሲቲ) ላስታውስ። ዲሴምበር 2014 ወጪው አልተቻለም ተብሎ ፕሮግራሙ ተዘጋ። የበርሚንግሃም ከተማ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበው ጁን 2015 ላይ እንዲመለስ ተወሰነ። ሁለት ሲዝን ሳይጫወቱ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ተጫዋች መለመሉ፣ የልምምድ ማዕከል ሠሩ። በ2017 ተመልሰው 8 አሸነፉ፣ በ2018 የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰዱ። አዲሱ ስታዲየም በ2021 ነው የተከፈተው፤ ከድሉ በኋላ።

---

የሲያትሏ

የውል ማፍረሻውን ነገር ሳንነካ አንለፍ፤ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚፈስበት እሱ ነው። በውሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ልዩነት ያመጣሉ። አንዱ የተሰናበተው አሰልጣኝ ሌላ ሥራ የመፈለግ ግዴታ አለበት ይላል፤ ሁለተኛው በአዲሱ ሥራ የሚያገኘው ደመወዝ ከሚከፈለው ላይ ይቀነሳል ይላል። ፔን ስቴት በኦክቶበር 2025 ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያሰናብት ዕዳው 49 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው በስምምነት ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። የፊሸር ውል ይህ አንቀጽ አልነበረውም፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሙሉውን እየከፈለ ነው።

ቨርጂኒያ ቴክም ፍራንክሊንን ከማምጣቱ በፊት ቦርዱ ለአራት ዓመት ተጨማሪ 229 ሚሊዮን ለስፖርት ክፍሉ አጽድቆ ነበር። ጥሩ አሰልጣኝ ድርድር ላይ የመጀመሪያ ጥያቄው የራሱ ደመወዝ አይደለም፤ ለረዳቶቼ ስንት አለ፣ ለተጫዋች ስንት አለ ነው። መልሱ በቦርድ ውሳኔ የተጻፈለት ትምህርት ቤት ቀድሞ ይፈርማል።

---

ዳላስ_ዙሪያ

አንድ ልጨምር። በ2025–26 ፕሌይኦፍ ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን ለኮንፈረንሱ የሚያስገኘው 20 ሚሊዮን ነበር፤ ለመግባት 4፣ ለሩብ ፍጻሜ 4፣ ለግማሽ ፍጻሜ 6፣ ለፍጻሜ 6። የኢንዲያና 20 ሚሊዮን ለ18 የቢግ ቴን አባላት ነው የተከፋፈለው። የተሸነፈው ማያሚ ግን በኤሲሲ የውጤት ማበረታቻ ደንብ የራሱን 20 ሚሊዮን እንዳለ ወሰደ። ኤሲሲ ከ2025 ጀምሮም ከቴሌቪዥን ገቢው 60 በመቶውን በተመልካች ብዛት ነው የሚያከፋፍለው። ትንሽ ድርሻ ባለው ኮንፈረንስ ውስጥ አሸናፊ መሆን እንደገና የሚዘራ ገንዘብ የሚያስገኝበት መንገድ ይህ ነው።

---

የቨርጂኒያ_ወላጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንድን ትምህርት ቤት ሁኔታ ለማየት የት ልጀምር?

---

ሒሳብ_ሹም

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በየዓመቱ ለኤንሲኤኤ የሚያቀርበውን የፋይናንስ ሪፖርት በመረጃ ነፃነት ሕጉ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎቹም ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፉታል። የግል ከሆኑት ይህ አይገኝም። ሪፖርቱ ሲገኝ አራት መስመር ፈልጊ፦ የተማሪ ክፍያ፣ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የመጣ ድጋፍ፣ የዕዳ ክፍያ፣ ለተሰናበቱ አሰልጣኞች የሚከፈል። የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና ሦስተኛውንና አራተኛውን ደምሪ። ድምሩን ለረዳት አሰልጣኞችና ለምልመላ ከወጣው ጋር አወዳድሪው፤ ለትናንት የሚከፈለው ለዛሬ ከሚከፈለው በልጦ ካገኘሽው የተማሪ ክፍያው በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሆነ ለማየት ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሺ።